አደጋን አስቀድሞ የመተመን ታሪክ፦ ከፍሎሪዳ እስከ ማላዊ

የመድን ሥራ በመሠረቱ የታሪክ ሥራ ነው ብንል ከእውነቱ የራቅን አይመስለንም። መድን ሰጪው የነገን ጉዳት የሚተምነው የትናንቱን መዝገብ አገላብጦ ነውና። የቤት ቃጠሎና የመኪና ግጭት በየዓመቱ በብዛት ስለሚደርሱ የጥቂት ዓመታት መዝገብ ለትመናው ይበቃል። የምድር መናወጥ፣ አውሎ ነፋስና ድርቅ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አንዴም ላይደርሱ ይችላሉ፤ የደረሱ ዕለት ግን ብዙ ሕዝብን ባንድነት ይመታሉ። ይህን ችግር ለመፍታት የተፈጠረው የአደጋ ሞዴል ከየት ተነሥቶ ወደ አፍሪካ ገበሬ ማሳ እንደ ደረሰ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመረምራለን። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን፣ ሞዴሉን ራሱን የሚመረምረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ አብዛኞቹ የአሜሪካ መድን ድርጅቶች የአውሎ ነፋስን አረቦን የሚወስኑት ቀደም ሲል የከፈሉትን ካሣ መነሻ በማድረግ ነበር። ይሁን እንጂ ደቡብ ፍሎሪዳን ለረጅም ዘመን ብርቱ አውሎ ነፋስ ስላልመታት መዝገቡ የሚያዘናጋ ሆኖ ነበር፤ በዚያው ዘመን በባሕሩ ዳርቻ የሚሠራው ቤት እጅግ በዝቷል። ካረን ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1987 ያቋቋሙት ድርጅት ሌላ መንገድ ተከተለ። ሞዴሉ ሊደርሱ የሚችሉ ማዕበሎችን በሺህ እየቆጠረ በኮምፒዩተር ይፈጥራል፤ ነፋሱ በየሥፍራው የሚኖረውን ኃይል ያሰላል፤ በዚያ ያለው ሕንፃ ከምን እንደ ተሠራ አይቶ የጉዳቱን መጠን ይገምታል፤ በመጨረሻም በውሉ መሠረት የሚከፈለውን ገንዘብ ያወጣል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1992 ሐሪኬን አንድሩ ደቡብ ፍሎሪዳን መታ። የክላርክ ድርጅት መድን ሰጪዎች የሚከፍሉት ካሣ ከ13 ቢሊዮን ዶላር ሊበልጥ እንደሚችል ወዲያው አስታወቀ። ብዙዎች ግምቱን አላመኑትም። ሒሳቡ ተጣርቶ ሲያልቅ ግን ካሣው 15.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ፤ ወደ 11 የሚጠጉ የመድን ድርጅቶችም ዕዳቸውን መክፈል ተስኗቸው ተዘጉ። ከዚያ ወዲህ ሞዴሉ የመድን ገበያው ዋና ዳኛ ሆነ፤ አረቦኑም ተወደደ። የፍሎሪዳ ግዛት በበኩሉ በአረቦን ትመና የሚሠራባቸውን ሞዴሎች የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1995 አቋቋመ። ይህ ልብ ሊባል ይገባል፤ የባለቤቱን ኪስ የሚነካ ስሌት በአደባባይ የሚመረመርበት ሸንጎ አገኘ ማለት ነውና።

ይኸው ጥበብ ወደ አገራችን የገባው በድርቅ በኩል ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 አክሳ ሬ ከተባለው የፈረንሳይ ጠለፋ መድን ድርጅት ጋር ለኢትዮጵያ የድርቅ መድን ውል ተዋዋለ። አረቦኑ 930 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ካሣው የሚወሰነው በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች በሚለካው ዝናብ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ስለ በጀ ካሣ አልተከፈለም። ሙከራው ግን መንገድ ከፈተ፤ በ2012 የአፍሪካ ኅብረት ለአባል አገሮች የድርቅ መድን የሚያመቻች ተቋም መሠረተ።

የሞዴሉ ድክመት በግልጽ የታየው ከዚህ ተቋም መድን በገዛችው በማላዊ ነው። በ2015/16 የመኸር ዘመን ብርቱ ድርቅ ደርሶ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለምግብ እጥረት ሲጋለጥ፣ ሞዴሉ የተጎዳው ሰው ከጥቂት አሥር ሺዎች እንደማይበልጥ አሰላ፤ በመሆኑም ካሣ አይገባም ተባለ። ጉዳዩ ሲጣራ ሞዴሉ ዘግይቶ የሚደርስ በቆሎ ይዘራል ብሎ ማሰቡ ታወቀ፤ ገበሬው ግን ወደ ፈጥኖ ደራሽ ዘር ከተሸጋገረ ቆይቷል። ሰብሉ ውኃ የሚሻበት ጊዜ ሲለወጥ ስሌቱ ሁሉ ተፋለሰ። ስሕተቱ ታርሞ 8.1 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ቢፈቀድም፣ ገንዘቡ የደረሰው በ2017 መግቢያ፣ የረኃቡ ወራት ከገባ በኋላ ነበር። ገበሬውን ምን ዘራህ ብሎ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

የራሳችን ታሪክም የሚመክረን ይኸንኑ ነው። አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሰየሙት፣ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የደረሰው ረኃብ በዝናብ ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም። የከብት ደስታ በሽታ የእርሻውን በሬ ፈጀ፤ አንበጣውም የተረፈውን በላ። ዝናብን ብቻ የሚለካ ሞዴል በዚያ ዘመን ቢኖር፣ በሬ አጥቶ ጦም ያደረውን ማሳ እንደ ለማ ይቆጥረው ነበር። ሞዴል ያልመዘገበውን ጉዳት አያይም፤ ያላየውንም አይክስም።

ስለዚህ ሞዴሉ ይቅርብን አንልም፤ እርዳታ እስኪለመን ከመጠበቅ አስቀድሞ ዋስትና መያዝ እንደሚሻል አያጠያይቅም። ነገር ግን የፍሎሪዳ ባለቤት ያገኘው ሸንጎ ለወሎና ለሐረርጌ ገበሬም ይገባዋል። የዘሩን ዓይነት፣ የበሬውን ቁጥር፣ የየአካባቢውን የረኃብ ታሪክ አሰባስቦ ከስሌቱ ፊት ማቅረብ የግብርና ባለሙያውና የታሪክ ተመራማሪው የጋራ ሥራ ነው። በውጭ አገር የምንገኝ ምሁራንም፣ ሞዴሎቹ ከሚሠሩባቸው ከተሞችና ዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ ነንና፣ ግምታቸው እንዲገለጽ የመጠየቅ ኃላፊነት አለብን። ዳኛው ቢሳሳት ይግባኝ የሚባልበት ሥርዐት ከሌለ፣ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ሁልጊዜ ገበሬው ይሆናልና።