የህዳሴው ግድብ ቦንድ በሐረር፦ ብድር ወይስ ድርሻ?

የዛሬው ጉዳዬ ከጁገል ግንብ ውስጥ፣ ከእናቴ ቤት ይነሣል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ እናቴ ቦንድ ገዛች፤ ወረቀቱንም ከግድግዳው ስፌቶች ጎን አኖረችው። «መዋጮዬ» ትለው ነበር፤ በአፎቻዋ ለቀብርና ለሠርግ የምታዋጣውንም የምትጠራው በዚሁ ቃል ነበር።

የታሪክ ተማሪ ግን ቃሉን ሊመረምር ይገባል። ቦንድ መዋጮ አይደለም፣ አክሲዮንም አይደለም፤ ብድር ነው። ገዢው ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ወለድ ለማይፈልግም ያለ ወለድ ይሸጥለት ነበር፤ ይህ አማራጭ በሐረር ቀላል ነገር አልነበረም። ባለቤትነቱ ግን የመንግሥት ነው።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት ዐቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነበር። የኃይል ፍላጎቱም ከቤት መብራት አልፎ ወደ ፋብሪካና ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ደርሷል። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም ለሕዝብ አክሲዮን ሸጠ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ሥራ ጀመረ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ግን በመንግሥት እጅ እንዳለ ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ሳስረዳት፣ «ታዲያ የእኔ ድርሻ የቱ ነው?» አለችኝ። ድርሻ የለሽም ማለት ከበደኝ፤ ሕጉ የሚለው ግን ይህንኑ ነው።