የማሳይ ሴቶች ግርዛት፦ ሕጉ እያለ ለምን ቀጠለ?

ኬንያ ውስጥ የሴት ልጅ ግርዛት ወንጀል ነው። የ2011ዱ ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የገረዘውን ብቻ ሳይሆን ያስገረዘውን፣ እያወቀ ያልጠቆመውን፣ ያልተገረዘችን ሴት የሰደበውን ጭምር ይቀጣል። በአገር ደረጃ ለውጥ አለ፤ በ1998 ከመቶ 38 የነበረው ቁጥር በ2022 ወደ 15 ወርዷል። ማሳዮች ጋ ስንደርስ ግን በ2014ቱ አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከመቶ 78 ያህሉ ሴቶች የተገረዙ ነበሩ።

«ስላልተማሩ ነው» የሚለው መልስ ቶሎ አፍ ላይ ይመጣል። እኔን ግን አያጠግበኝም። የምላጩን ጉዳት ከማሳይ እናት በላይ ማን ያውቀዋል? የደማችውም፣ በምጥ የተሰቃየችውም እሷው ናት እኮ።

ከቃሉ እንጀምር። ማሳዮች ግርዛትን «ኤሙራታ» ይሉታል፤ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ቃል ነው። የእኛው «ግርዛት»ም እንደዚያው መሆኑን ልብ በሉ። ወንዱ ተገርዞ «ሞራን» ማለትም ተዋጊ ጎረምሳ ይሆናል፤ ሴቷ ተገርዛ ከልጅነት ትወጣና ለጋብቻ ትደርሳለች። ሳትገረዝ ብታረግዝ ነውሩ ለልጇም ይተርፋል። አባት በጥሎሽ የሚመጡትን ላሞች ያስባል፣ እናት ደግሞ «ማን ያገባልኛል?» ትላለች። መሬቱም ከብቱም በወንዱ እጅ በሆነበት ቦታ ትዳር የሌላት ሴት የምትጠጋበት የላትም። ስለዚህ ልጇን የምታስገርዝ እናት በራሷ ስሌት እያዳነቻት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ተራ ጭካኔ ቢሆን ኖሮ ማስቆሙ ይቀል ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ታሪክ ነው። በ1904 እንግሊዞች ማሳዮችን ከስምጥ ሸለቆው ምርጥ ግጦሽ አስለቅቀው ሲወስዱ፣ ማሳይ የሚባል ሕዝብ እስካለ ድረስ የሚጸና ውል ፈርመው ነበር። የቆየው ሰባት ዓመት ነው። በ1911 በሌላ ውል ከላይኪፒያም አስወጧቸው። በ1913 ማሳዮቹ ፍርድ ቤት ቢሄዱ፣ ውሉ እንደ መንግሥታት ስምምነት ስለሚቆጠር አናየውም ተባሉ። እንዲህ የተደረገ ሕዝብ ከናይሮቢ «ለእናንተው ጥቅም ነው» የሚል ወረቀት ሲመጣለት ምን ይለዋል?

ጎረቤቶቻቸውም የዚሁ ታሪክ ተካፋዮች ናቸው። በ1929 ሚስዮኖች ኪኩዩ ምእመናንን «ግርዛትን ካዱ» ሲሉ ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያኑን ትተው የራሳቸውን ትምህርት ቤቶች አቋቋሙ፤ ጆሞ ኬንያታም በ1938 በመጽሐፉ ልማዱን ተከላከለ። በ1956 ሜሩ ላይ ሲከለከል ደግሞ ልጃገረዶቹ ራሳቸው ምላጭ ይዘው እርስ በርስ ተገራረዙ። ከዚያ ወዲህ ግርዛትን መቃወም ለብዙ ሽማግሌ ጆሮ የፈረንጅ ድምፅ ሆኖ ቀረ። ክርክሩ የልጅቷ አካል መሆኑ ቀርቶ «ማን ያዝዘናል?» ወደሚል ዞረ፤ ልጅቷን የጠየቃት ግን የለም።

ታዲያ ሕጉ ምንም አልሠራም? ሠርቷል፤ ግን ነገሩን ወደ ጓዳም አስገብቶታል። ድግሱ ቀርቶ ምላጩ ብቻ የቀረበት ቤት አለ፤ ከተለመደው ዕድሜ በፊት በድብቅ የሚገረዙ ልጆች አሉ፤ በትምህርት ቤት ዕረፍት ድንበር ተሻግረው የሚወሰዱም አሉ። ማሳይ ኬንያም ታንዛንያም ነው፣ መስመሩን ያሰመሩት እንግሊዝና ጀርመን ናቸው። የታንዛንያ የ1998 ሕግ ደግሞ የሚከለክለው ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ብቻ ነው።

ናሮክ ላይ አግነስ ፓሬዮ የምትባል ማሳይ አለች። ከእንጨት የተቀረጸ የሴት አካል ይዛ መንደር ለመንደር እየዞረች ግርዛት ምን እንደሚያደርስ ታስረዳ ነበር። በ2002 የሸሹ ልጆችን የሚያስጠጋ ቤት ከፈተች። ቤቱ ምላጩን ያስቀራል፣ ከባዱ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ ልጅቷን ከአባቷ ማስታረቅ። የሸሸች ልጅ ቤተሰብ አጥታለችና።

ሌላው መንገድ ምርቃቱንም፣ ምክሩንም፣ ዘፈኑንም ይዞ ምላጩን ብቻ የሚያስቀር ሥርዓት ነው። ኬንያ ውስጥ ናይስ ሌንጌቴ በዚህ ትታወቃለች፤ ራሷ በልጅነቷ ከመገረዝ ያመለጠች ናት። ሴት በሽማግሌ ፊት በማትናገርበት ባህል ሽማግሌዎቹንና ሞራኖቹን ለማሳመን ዓመታት ፈጅታለች። ይሄ ከሁሉ የበለጠ ተስፋ የሚሰጠኝ ነው፤ «ማን ያገባልኛል?» ለሚለው የእናት ጥያቄ መልስ ያለው ሞራኑ ጋ ነውና። ሞራኑ ያልተገኘበት ሥርዓት ላይ ግን ልጅቷ ሰርተፊኬቷን ይዛ ቤት ትገባለች፣ ጥያቄው እዚያው ይጠብቃታል።