ነጋሪት ያልተጎሰመለት ጥብቅ ደን

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሞጣ ስጓዝ፣ ከመኪናው መስኮት የማየው ጤፍና ስንዴ፣ እንደገና ጤፍ ነበር። ከእርሻው መካከል ግን እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ብቅ ይላል። «ያ ደን የማን ነው፣ አባቴ?» ብዬ አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠየቅኋቸው። «ምን ደን አለ ልጄ፤ ደብር ነው እንጂ» አሉኝ።

ታሪኩ በዚህች መልስ ውስጥ አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአዋጅ የተከለለው በ1962 ዓ.ም. ነው። የደብሩ ወይራ፣ ጽድና ዝግባ ግን ነጋሪት ሳይጎሰምለት፣ ዘበኛ ሳይቀጠርለት ዘመናትን ተሻግሯል። ዘበኛው ግዝት ነበር። በመንዝ ጓሳ ደግሞ የሣሩን መዝጊያና መክፈቻ የሚወስነው ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቄሮን ከርስቱ ጋር አፈረሰው፤ ኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ መልሶ አቆመው። ያው አዋጅ የቤተ ክርስቲያንንም የሰሞን መሬት ወሰደ። ግቢውና ዛፉ ግን ቀሩ።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ተወርዶ፣ አርበኞች በጣልያን ወረራ ጊዜ በሰበሩት በሰባራ ድልድይ በኩል ማዶው ደቡብ ጎንደር ነው። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ በሙያው የደን ተመራማሪ ነውና፣ በዚያ አገር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቷል። ሁሉም ተደምረው 500 ሄክታር ያህል ናቸው። በዚህችው መሬት ላይ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተቆጥሯል። እጅ በአፍ የሚያስጭን ነው!

የሚያስፈራው ሌላው ግኝት ነው። አፈሩ ተወስዶ ሲመረመር በውስጡ የተገኘው በአብዛኛው የሣርና የአረም ዘር ሆነ፤ የዛፉ ዘር እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ የቆሙት ዛፎች ካለቁ አፈሩ መልሶ አያበቅላቸውም ማለት ነው። የበቀለውን ችግኝ ደግሞ ከብት ይረግጠዋል፣ ይግጠዋል። አጥር የታጠረበት ሥፍራ ችግኙ እንደሚተርፍ በሙከራ ታይቷል። አንዳንድ አጥቢያዎች ከእርሻቸው በለቀሙት ድንጋይ ግቢውን አጥረዋል፤ እርሻውም ከድንጋይ ተገላገለ።

እኔ እንደሚመስለኝ ግዝቱ የታሰበው ለመጥረቢያ ነው፤ በግን አላሰበም። ከሞጣ ወጣ ባለ አንድ ደብር ግቢ፣ ሁለት ሰው ተያይዞ በማያቅፋቸው ወይራዎች ሥር ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን የምታህል አንዲት የወይራ ችግኝ ፈለግሁ። ከበግ በጠጥ በቀር አላገኘሁም።