አንድ አቅጣጫ ለመላው መርከብ፦ የጋይሮስኮፕና የሲንክሮ ዜና መዋዕል

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. ፈረንሳዮች ግሏር የተባለችውን ብረት ለበስ የጦር መርከብ ወደ ባሕር አወረዱ። በተከታዩም ዓመት እንግሊዞች አካሏ ከብረት የተሠራውን ዋርየርን አወረዱ። ከዚያ ወዲህ የባሕር ኃያላን ሁሉ እንጨቱን እየተዉ ወደ ብረቱ ዞሩ። ነገር ግን ጥይትን የመከተው ብረት ኮምፓስን አሳተ። የማግኔቱ መርፌ ወደ ሰሜን መመልከቱን ትቶ በዙሪያው ወዳለው ብረት አዘነበለ፤ ከባድ መድፍ በዞረ ቁጥርም ስሕተቱ ይለዋወጥ ጀመር። በዘመኑ ታሪክ ብዙው ሰው የሚያወሳው የመድፉን ስፋትና የብረቱን ውፍረት ነው። እኔ ግን ከዚህ በታች በተራ የማወጋው ነገር ሌላ ይመሰክራል እላለሁ። የጦር መርከብ ብርታት አንድን እውነተኛ አቅጣጫ ከመጠበቅና ያንኑ አቅጣጫ ሳያዛቡ ለሁሉም ከማዳረስ የመጣ ነው። ጠባቂው ጋይሮስኮፕ ነው፤ አድራሹ ሲንክሮ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ሥራው ጎዶሎ ነው። ዓመቱንም ሁሉ የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው።

በ1851 ዓ.ም. ሊዮን ፉኮ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በፓሪስ ፓንቴዎን ረጅም ፔንዱለም ሰቅሎ የምድርን መዞር ለሕዝብ አሳየ። በ1852 ደግሞ ያንኑ ነገር በሚሽከረከር ጎማ ሊያስረዳ መሣሪያ ሠራና ጋይሮስኮፕ አለው። ፈታይ የምታሾረው እንዝርት በፍጥነት እስከዞረ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲደክም ይንገዳገድና ይወድቃል። የጋይሮስኮፕም የመጀመሪያ ባሕርይ ይኸው ነው፤ በየአቅጣጫው እንደ ልቡ በሚዞር ክፈፍ ውስጥ ሆኖ ሲሽከረከር፣ ክፈፉን ብናጋድለው እንኳ ዘንጉ የያዘውን አቅጣጫ አይለቅም። ሁለተኛው ባሕርይ ለዓይን እንግዳ ነው፤ ዘንጉን ወደ ታች ሲጫኑት ወደ ታች በመውረድ ፈንታ በ90 ዲግሪ ወደ ጎን ይሄዳል። ፉኮ ይህን ሁሉ ቢያውቅም ጎማውን ያለማቋረጥ የሚያሾርለት ኃይል አልነበረውም፤ የሚታዘበው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ ነገሩ በኤሌክትሪክ ሞተር እየዞረ ለመርከብ እስኪውል ድረስ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቆየ።

ከዚህም በኋላ ሄርማን አንሹትስ-ኬምፈ የተባለ ጀርመናዊ ተነሣ። አሳቡ ከበረዶው ሥር በሰርጓጅ መርከብ ተጉዞ ወደ ሰሜን ዋልታ መድረስ ነበር። ከብረት በተሠራ ሰርጓጅ ውስጥ ማግኔት እንደማይታመን ባየ ጊዜ ፊቱን ወደ ጋይሮስኮፕ አዞረ። በ1904 የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ1905 በኪል ከተማ ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1908 ኮምፓሱ ዶይችላንድ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ተፈተነ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስትዞር አቅጣጫውን ያልለቀቀው ዘንግ ከአድማስ አንጻር ማጋደል ይጀምራል። ከሥሩ የተንጠለጠለው ክብደት ሊያቃናው ይጎትተዋል፤ ጎማው ግን በሁለተኛው ባሕርይው ወደ ጎን ይሄዳል፤ ያም መንገድ ወደ ሰሜን ያደርሰዋል። ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ቆይቶ፣ ማርገቢያው ውዝዋዜውን ካበረደው በኋላ በሰሜንና በደቡብ መስመር ላይ ያርፋል። የአንሹትስ የሥጋ ዘመድ ማክስ ሹለር ደግሞ ውዝዋዜው 84 ደቂቃ ያህል እንዲፈጅ ቢደረግ የመርከቢቱ መፍጠንና መዘግየት ኮምፓሱን እንደማያሳስተው በስሌት አረጋገጠ። በ1911 አሜሪካዊው ኤልመር ስፔሪ የራሱን ኮምፓስ ዴላዌር በተባለችው የጦር መርከብ ላይ አስፈተነ። አንሹትስም ስፔሪን በጀርመን ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ አልበርት አይንስታይን በባለሙያነት ተጠርቶ የሰጠው ቃል ለአንሹትስ ረዳ። እንግዲህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጠባቂው ተገኝቶ ነበር።

ይሁን እንጂ ኮምፓሱ የተቀመጠው ውዝዋዜ በማይበዛበት በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ ነው። አቅጣጫውን የሚፈልጉት ሰዎች ደግሞ ርቀው ነው ያሉት፤ መሪውን የያዘው ከላይ፣ ዒላማ ተመልካቹ ከምሰሶው ጫፍ፣ ተኳሹ በመድፉ ቤት። በድምፅ ቧንቧና በስልክ ቁጥር መንገር ይቻል ነበር፤ ሆኖም ተናጋሪው ተናግሮ ሰሚው እስኪያስተካክል መርከቢቱ ዞራለች፣ ጠላትም ቦታ ለውጧል። ስለዚህ በየደረጃው የሚራመድ የኤሌክትሪክ መልእክተኛ ተሠራ፤ ላኪው አንድ እርምጃ በዞረ ቁጥር አንድ ምት ይልካል፤ ተቀባዩም አንድ እርምጃ ይሄዳል። የዚህ መሣሪያ ጉድለት የሚልከው አቅጣጫውን ሳይሆን ለውጡን ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ምት ከጠፋ ተቀባዩ ተሳስቶ ይቀራል፤ መሳሳቱንም የሚነግረው የለም። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስም ሁሉም እንደገና በሰው እጅ መስተካከል አለበት። በ1914 የተከፈተው የፓናማ ቦይ ግን ሌላ ነገር አሳየ። የጄነራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የውሃውን ከፍታና የበሮቹን አቋም በመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚያሳይ፣ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ አስገቡ። ሴልሲን ይባል ነበር፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በኋላ ሲንክሮ ያለው ይህንኑ ነው።

ሲንክሮ ሲያዩት ትንሽ ሞተር ይመስላል። በመካከሉ በሚዞረው ክፍል ላይ አንድ ጥቅል ሽቦ አለ፤ በዙሪያው በማይንቀሳቀሰው ክፍል ላይ ደግሞ በ120 ዲግሪ የተራራቁ ሦስት ጥቅሎች አሉ። ለመካከለኛው ጥቅል 115 ቮልት በ60 ኸርዝ ይሰጠዋል። ዘንጉ ሲዞር በሦስቱ ጥቅሎች ላይ የሚወለደው ቮልቴጅ እንደ አንግሉ መጠን ይለያያል፤ ለእያንዳንዱ አንግል የራሱ የሦስት ቮልቴጅ ድርድር አለው። እነዚህ ሦስት ሽቦዎች ከተመሳሳዩ ተቀባይ ጋር ይያያዛሉ፤ የሁለቱም ዘንግ ጥቅል ከአንድ ምንጭ ይመገባል። ሁለቱ ዘንጎች በአንድ አንግል ላይ ሲሆኑ ቮልቴጆቹ እኩል ሆነው ስለሚቃረኑ በሦስቱ ሽቦዎች ጅረት አያልፍም። ሲለያዩ ግን ጅረት ያልፍና ተቀባዩን ወደ ላኪው አንግል ያዞረዋል። የሚላከው ለውጡ ሳይሆን ራሱ አንግሉ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ተቀባዩ ማንም ሳይነካው ወደ ትክክለኛ ቦታው ይሄዳል። ስሕተቱም ቢሆን ራሱን ይገልጣል፤ አንደኛውና ሦስተኛው ሽቦ ከተቀያየሩ ተቀባዩ ወደ ተቃራኒ ይዞራል፤ የመካከለኛው ጥቅል ሁለት ጫፎች ከተቀያየሩ 180 ዲግሪ ይስታል፤ ሦስቱ ሽቦዎች በዙር ከተዛወሩ 120 ዲግሪ ይስታል። የባሕር ኃይል ቴክኒሻን የስሕተቱን መጠን አይቶ የተሳሳተውን ሽቦ የሚያውቀው በዚህ ነው።

የሲንክሮ ጉልበት መርፌ ያዞራል እንጂ መድፍ አያዞርም። ስለዚህ በመድፉ ዘንድ የሚቀመጠው ሲንክሮ በታዘዘው አንግልና መድፉ ባለበት አንግል መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ በቮልቴጅ ይናገራል። ማጉያው ያንን ድምፅ አበርትቶ ለሞተር ይሰጣል፤ ሞተሩም ልዩነቱ እስኪጠፋ መድፉን ያዞራል። ጥራቱ እንዲጨምር ደግሞ ሁለት ሲንክሮ በጥርስ ጎማ ይያያዛል፤ አንዱ ከመድፉ ጋር እኩል ይዞራል፤ ሌላው 36 ጊዜ ፈጥኖ ይዞራል። የፈጣኑ ሙሉ ዙር የመድፉ 10 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ጥቃቅኑን ይለያል፤ ዘገምተኛው ደግሞ ከ36ቱ ዙር በየትኛው እንዳለን ይናገራል። በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት የአንድ ዲግሪ ስሕተት ጥይቱን ከ500 ሜትር በላይ ያስታልና ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም።

ምስጋናው የመድፉን ዒላማ ለሚያሰላው መሣሪያ ይገባል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ የሃኒባል ፎርድ ኩባንያ በጥርስ ጎማና በካም የሠራቸው አስሊዎች የጠላትን ፍጥነትና የጥይቱን የጉዞ ጊዜ ያሰሉ ነበር። ነገር ግን አስሊ የሚያሰላው የተሰጠውን ነው። መርከቢቱ በማዕበል ስትንገላታ ቀጥ ያለውን የሚነግረው ጋይሮስኮፕ ነው፤ ጥያቄውን የሚያመጣለትና መልሱን የሚወስድለት ሲንክሮ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ሁሉን በኤሌክትሪክ ላይ ያንጠለጠለች መርከብ ኤሌክትሪኳ ሲጠፋ ዕውር ትሆናለች ይላሉ። በኅዳር 1942፣ በ14ኛውና በ15ኛው ቀን መካከል ባለው ሌሊት፣ በጓዳልካናል ደሴት አጠገብ ይህ ሆነ። የአሜሪካ የጦር መርከብ ሳውዝ ዳኮታ ኤሌክትሪኳ ተቋርጦ ራዳሯና የመድፍ መቆጣጠሪያዋ ዝም አለ፤ የጃፓን መርከቦችም ደጋግመው መቷት። ነገር ግን በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ውሃ ላይ፣ መሣሪያዋ ሁሉ ደኅና የነበረው ጓደኛዋ መርከብ ዋሽንግተን በራዳር ዒላማዋን ይዛ የጃፓኗን የጦር መርከብ ኪሪሺማን በጨለማ መታች፤ ኪሪሺማም ሰጠመች። እንግዲህ የሳውዝ ዳኮታ መከራ የኤሌክትሪኩን መስመር መጠበቅና ማባዛት እንደሚገባ ያስተምራል፤ መሣሪያው ከንቱ መሆኑን ግን አያስተምርም። የሁለቱ የአሜሪካ መርከቦች መድፎች ተመሳሳይ ነበሩ፤ ሌሊቱን የለየው የአቅጣጫው መድረስና አለመድረስ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ዘመናቸው አልፏል የሚለው ነው። በነሐሴ 1958 የአሜሪካ ሰርጓጅ ናውቲለስ ከበረዶው ሥር በሰሜን ዋልታ አለፈች። ምድር የጋይሮኮምፓሱን ዘንግ ወደ ሰሜን የምትመራበት ኃይል ወደ ዋልታ በቀረቡ መጠን ይደክማልና ናውቲለስ በእርሱ ብቻ አልተመካችም፤ የገዛ እንቅስቃሴዋን እየለካ ቦታዋን የሚያሰላ፣ እርሱም በጋይሮስኮፕ ላይ የቆመ መሣሪያ ይዛ ነበር። በ1991 የአሜሪካ የጦር መርከቦች ሚዙሪና ዊስኮንሲን በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲተኩሱ መድፎቻቸውን የመሩት እነዚያው ባለ ጥርስ ጎማ አስሊዎች፣ ጋይሮስኮፖችና ሲንክሮዎች ነበሩ። ዛሬ በሚሽከረከረው ጎማ ፈንታ የሌዘር ብርሃን በቀለበት ይዞራል፤ አንግሉም በዲጂታል ቁጥር ተለውጦ ይጓዛል። የተለወጠው ግን ዕቃው ነው። አንድ እውነተኛ መነሻ ይጠበቅ፣ ለሁሉም ሳይዛባ ይድረስ፣ ልዩነት ሲገኝ ልዩነቱ እስኪጠፋ ይታረም የሚለው ሕግ እንዳለ ነው። ስለዚህ የባሕር ኃይልን ታሪክ የሚጽፍ ሰው መድፉን ሲቆጥር እነዚህን ሁለቱን ከዕቃ ዝርዝር ግርጌ ሊያስቀምጣቸው አይገባም። መድፉን ዋጋ ያለው መሣሪያ ያደረጉት እነርሱ ናቸውና፣ ቦታቸው ከታሪኩ መካከል ነው።