ትሱዳ ሶኪቺ እና የ2600 ዓመቱ ዙፋን

በ1940 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ትልቅ ድግስ ላይ ነበረች። የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ጂሙ ከነገሠ 2600 ዓመት ሞላው ተብሎ አገሩ ሽር ጉድ ይላል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ መንግሥት የአንድ የ66 ዓመት ምሁር አራት መጻሕፍት አገደ። ጸሐፊውና አሳታሚው ኢዋናሚ ሺጌዎም ተከሰሱ። ክሱ የንጉሣዊውን ቤት ክብር መድፈር ነው።

ሰውየው ትሱዳ ሶኪቺ ይባላል። በ1873 በጊፉ ግዛት ተወልዶ፣ ዛሬ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ለዓመታት ተማሪ ቤት ሲያስተምር ቆይቶ፣ ኋላ እዚያው ዋሴዳ ፕሮፌሰር ሆነ። እስከዚህ ድረስ ለፊልም የሚሆን ሕይወት አይደለም።

ጉዱ ያለው አነባበቡ ላይ ነው። የጃፓን ነገሥታት ትውልድ ከፀሐይ አምላክ ከአማተራሱ እንደሚጀምር የሚተርኩት ሁለት ጥንታዊ መጻሕፍት ናቸው፤ በ712 የተጠናቀቀው ኮጂኪ እና በ720 የተጠናቀቀው ኒሆን ሾኪ። ጂሙን አንዱ 137፣ ሌላው 127 ዓመት ያኖሩታል። ከትሱዳ በፊት እንደ ሞቶኦሪ ኖሪናጋ ያሉት የተጻፈውን እንዳለ ተቀበሉ። አራይ ሃኩሴኪ ደግሞ አማልክቱ ሰዎች ናቸው ብሎ ከተረቱ ሥር የተደበቀ እውነተኛ ድርጊት ፈለገ። ትሱዳ ሁለቱንም አልተቀበለም። ሁለቱም እኮ ጽሑፉን የድርጊት ዘገባ አድርገው ነው የያዙት! የሱ ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ይህን ማን፣ መቼ፣ ለምን ጻፈው?

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝና በሙያዬ ላስረዳ። ሎግ የሚባለው ፋይል የሆነውን ነገር በየሰከንዱ ይመዘግባል። ሪድሚ ግን ባለቤቱ ፕሮጀክቱ እንዴት እንዲታይለት እንደሚፈልግ ይናገራል። እንደ ትሱዳ አባባል የአማልክት ዘመን ታሪክ ሪድሚ ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የነበረ ቤተ መንግሥት «ለምን እኛ እንገዛለን?» ለሚለው ያዘጋጀው መልስ ነው። ስለ ጂሙ ምንም ላይነግረን ይችላል፤ ስለ ጸሐፊዎቹ አስተሳሰብ ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የ1931ን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ የተመለከቱት የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ያኛው ዙፋኑን ለዘላለም ላልተቋረጠ የነገሥታት ሐረግ ይሰጣል፤ የኛውም ሐረጉን ሳያቋርጥ ወደ ቀዳማዊ ምኒልክ ይመልሳል። ክብረ ነገሥትን ሳነብ ሁሌ የምጠይቀው «ሆኗል ወይስ አልሆነም?» ብቻ ነበር። ትሱዳን ካነበብኩ በኋላ ያ ጥያቄ ጠበበኝ።

ትሱዳ ጠላት ያፈራው በጂሙ ብቻ አልነበረም። በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ቻይናና ጃፓን አንድ የጋራ «የምሥራቅ ባህል» የላቸውም አለ፤ ያውም ጦሩ በዚያው ስም ቻይናን በሚወጋበት ሰዓት። በ1939 በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ በእንግድነት ሲያስተምር አክራሪ ብሔርተኞች በጥያቄ አፋጠጡት። ወጣቱ ረዳት መምህር ማሩያማ ማሳዎ ነው ከዚያ ይዞት የወጣው። በ1940 መጀመሪያ ዋሴዳን ለቀቀ። በ1942 የ3 ወር እስር ተፈረደበት፤ ፍርዱ ግን በገደብ ነበር። ይግባኙ ላይ እያለ በ1944 ክሱ በይርጋ ቀረ።

ከዚያ ጃፓን ተሸነፈች። አሁን ዙፋኑን ይረግማል ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። ሴካይ የተባለው መጽሔት በ1946 ጽሑፍ ጠየቀው፤ እሱ ግን ንጉሣዊው ቤት የሕዝቡ ነው፣ ሕዝቡ ሊወደው ይገባል ብሎ ጻፈ። አዘጋጁ ተጨንቆ ለትሱዳ የላከውን ደብዳቤ በዚያው እትም አብሮ አወጣ። ከዳ ያሉት አሉ። እኔ አይመስለኝም። ፍርድ ቤት ቆሞም የተከራከረው ጥናቱ ንጉሣዊውን ቤት እንደማይጎዳ ነበር። የሚወደው ነገር በተረት መደገፍ አለበት ብሎ ግን አንድም ቀን አላመነም።

በ1949 የባህል ኒሻን ተሰጠው። ኒሻኑ የሚሰጠው በንጉሠ ነገሥቱ ስም ነው።