«ታችኛው ሆዴን ይጎትተኛል»፦ ስም ያጣ ሕመም ታሪክ

«ቆሜ ስውል ማታ ታችኛው ሆዴን ወደ ታች ይጎትተኛል» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ሕመሙ ግን ለረጅም ዘመን ስም አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1857 ፈረንሳዊው ሐኪም ሪሼ፣ በእንቁላል ማምረቻ ዙሪያ ያሉ ደም መላሽ ሥሮች እንደ እግር ሥር ሊያብጡ እንደሚችሉ ጻፈ። በእርግዝና ጊዜ ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ክዳናቸው ሲላላ ደሙ ወደ ላይ በመመለስ ፈንታ እዚያው ያቁራል። በ1949 አሜሪካዊው ሃዋርድ ቴይለር የዳሌ ሕመምን ከዚሁ ደም ጋር አያያዘው፤ የስሜት ጭንቀትንም ከመንስኤዎቹ ቆጠረ። በ1984 የለንደን ሐኪሞች ያበጡትን ሥሮች በራጅ አሳዩ። በ1993 ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብቶ የተበላሸውን ሥር መዝጋት እንደሚቻል ተዘገበ። ለአንዳንዶች የሆርሞን መድኃኒትም ይረዳል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኅብረተሰቡን ጤና የሚከታተል ጣቢያ አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የዳባት ወረዳ ጥናት፣ ከተመረመሩት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማህፀናቸው ወይም የብልታቸው ግድግዳ በተለያየ ደረጃ ወደ ታች መውረዱን አሳየ። ምልክቱን የተናገሩት ግን ጥቂቶች ነበሩ። በቀን 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር መሸከምና የተራዘመ ምጥ ከችግሩ ጋር ተያይዘዋል። ከዳባት እስከ ደባርቅ ዳገት እንጨትና ጀሪካን በጀርባዋ የምታመላልስ እናት ይህን አሳምራ ታውቀዋለች።

ይህኛው የደም ሥር ሕመም አይደለም፤ የክብደቱ ስሜት ግን ይመሳሰላል። የሚለየው ምርመራ ነው። ለማህፀን መውረድም ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ እርዳታ አለ፦ ሐኪሙ ኬጌል በ1948 ያስተዋወቀው የዳሌ ጡንቻ እንቅስቃሴና ማህፀንን ደግፎ የሚይዝ የሲሊኮን ቀለበት።

እናቶች፣ ክብደቱ ከወራት በላይ ከቆየ፣ ሽንት ካመለጣችሁ ወይም ከብልት የሚወጣ ነገር ከተሰማችሁ አትደብቁ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ከታየ አንድ ቀንም አትቆዩ። አባቶች፣ ሸክሙን ተካፈሉ። ማንበብ ለማትችል እናት ደግሞ ይህን አንብቡላት።