ወይዘሮ የሺ እመቤት ዓሊ፤ የጦር አለቃ ሚስትና የአንድ ልጅ እናት

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ የዘመተው ይነገራል፤ የሸኘችው ግን ትረሳለች። ሰይፍ የታጠቀው ስሙ ለልጅ ልጅ ሲተርፍ፥ በሶውን ያስፈጨች፥ ድርቆሹን ያደረቀች፥ ስንቁን ቋጥራ በደጅ የቆመች ሴት በባሏና በልጇ ታሪክ ዳር አንዲት መስመር ሆና ትቀራለች። የወይዘሮ የሺ እመቤት ዓሊም ነገር እንዲሁ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እናት መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል፤ እንዴት እንደ ኖሩና ምን እንደ ከፈሉ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ከከሚሴ ከተማ አጠገብ፥ ቦርከና ከሚያጠጣው ከጨፋ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የወሎን ደጋ ከፊቱ ተደርድሮ ያያል። ወረኢሉ የምትገኘው በዚያ ደጋ ላይ ነው። የወይዘሮ የሺ እመቤት አባት ደጃዝማች ዓሊ የወሎ ኦሮሞ፥ የወረኢሉ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደግሞ የጉራጌ ተወላጅ ነበሩ። በወሎ ከቆላው ከከሚሴና ከባቲ ጀምሮ እስከ ደጋው ድረስ አማራና ኦሮሞ፥ እስላምና ክርስቲያን በጋብቻና በጉርብትና ተሳስረው ስለ ኖሩ፥ የሰው የትውልዱ ሐረግ ሲቈጠር ከአንድ ወገን ብቻ አያበቃም። የእርሳቸውም ትውልድ ለዚህ ምስክር ነው።

ገና ወጣት ሳሉ ያገቧቸው መኰንን ወልደ ሚካኤል በ1844 ዓ.ም. የተወለዱ፥ በእናታቸው በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ በኩል የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፥ ከብላቴናነታቸውም በምኒልክ ቤት ያደጉ ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን በያዙ ጊዜ ግዛቱን ለመኰንን ሰጡ። ወይዘሮዪቱም ከአባታቸው አገር እጅግ ርቀው የሐረር ገዥ ባለቤት ሆኑ። በዚያ ዘመን የጦር አለቃ ሚስት መሆን የዕረፍት ኑሮ አልነበረም። ጎተራው እንዳይጎድል፥ ወፍጮው እንዳይቆም፥ ጠጁ እንዳይቋረጥ መጠበቅ፥ ግብር የሚበላውን ወታደር፥ ደጅ የሚጠናውን ባለ ጉዳይና የሟች ወታደር ሚስት ሁሉ መቀበል የቤት እመቤት ዕዳ ነበር። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ መኰንን መልእክተኛ ሆነው ባሕር ተሻግረው ወደ ኢጣልያ ሄዱ፤ በ1882 ዓ.ም. ተመልሰውም የራስነት ማዕርግ ተቀበሉ። ባል ሲሾም ሚስት ትከበራለች፤ ነገር ግን ሹመቱ ሲጨምር መለየቱም አብሮ ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ሐዘን ግን በቤታቸው ውስጥ ነበር። ወይዘሮ የሺ እመቤት ደጋግመው ፀነሱ፤ ፍሬው ግን አልጸናላቸውም። ሊቃውንት፥ «ስም ይመርሖ ኀበ ግብሩ» ይላሉ፤ ስም ወደ ግብሩ ይመራዋል ማለት ነው። የእኒህ ሴት ስም ግን ሰምና ወርቁ ተለያየ። ሰሙ የሺህ ሰው እመቤት ነው፤ በእውነትም ብዙ ሺህ ወታደር በደጃቸው እጅ ይነሣ ነበር። ወርቁ ግን የሺሁ እመቤት ከገዛ ማኅፀናቸው ፍሬ አንድ ብቻ የቀረላቸው እናት መሆናቸው ነው።

ያም አንድ፥ ልጅ ተፈሪ፥ ከሐረር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ነፋሻ ደጋ በኤጀርሳ ጎሮ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ተወለዱ። እናት ግን ደስታቸውን ጠግበው አላዩም። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው፥ መጋቢት 6 ቀን 1886 ዓ.ም.፥ ወይዘሮ የሺ እመቤት በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ራሔል በኤፍራታ መንገድ ብንያምን ስትወልድ እንደ ሞተች ሁሉ፥ እርሳቸውም ሕይወት ለመስጠት ሲደክሙ ሕይወታቸውን ሰጡ። ወንድ በጦር ሜዳ ሲወድቅ ጀግና ይባላል፤ በምጥ አልጋ ላይ ለወደቀችው ግን ፎካሪ የላትም።

በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ የክተት ዐዋጅ ባወጁ ጊዜ የሸዋ ሠራዊት እንዲከት የተቀጠረው በወረኢሉ ነበር። ራስ መኰንንም ከሐረር ጦራቸውን ይዘው ዘመቱ፤ በአምባላጌ፥ በመቀሌ፥ በዓድዋም ተዋጉ። የወይዘሮዪቱ አባት አገር በሠራዊት ድንኳን ስትሞላ እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም። ራስ መኰንን ሌላ ሚስት ያገቡት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፤ ያም ጋብቻ አልጸናም። መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. እርሳቸውም በቁልቢ ዐረፉ። ከእናታቸው ሞት ዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፥ በዚያው በወርኀ መጋቢት፥ ልጅየው ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላቸው ከሁለቱም ወላጅ ተለዩ።

እኒህ ልጅ በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነንን ሲያገቡ ሙሽራዪቱም የወሎ ልጅ ነበሩ። የእቴጌ መነን እናት፥ የጃንጥራር አስፋው ሚስት ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል፥ በደሴ በስማቸው በተሰየመው ትምህርት ቤት ይታወሳሉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥትና እቴጌ ሁለቱም በእናታቸው በኩል ከወሎ ደጋ የወጡ መሆናቸውን የወሎ ሰው ሊያስታውሰው ይገባል።

ነገር ግን የወይዘሮ የሺ እመቤት ክብር ልጃቸው ስለ ነገሡ ብቻ የመጣ አይደለም። ያ አንዱ ልጅ እንደ ሌሎቹ ቢቀጠፍ ኖሮ፥ የምጣቸው ሕመም፥ የጓዳቸው ድካም፥ የናፍቆታቸው ሌሊት አንዲት ቅንጣት አይቀነስም ነበር። ያን ጊዜ ግን ስማቸውን የሚጠራ ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ እኒህን አንዲት ሴት የሚዘክር ሰው፥ ከከሚሴ ሜዳም ሆነ ከወረኢሉ ደጋ ባላቸውን ተከትለው ወጥተው በሰው አገር ልጅ የቀበሩትን፥ ስማቸው ያልተጻፈውንም እናቶች አብሮ ይዘክር። ዘውዱ ለአንዲቱ ልጅ ደረሰ፤ ድካሙ ግን የሁሉም ነበር።